ጫማዋን ያወለቀች ድመት

ወስፌ ገርበብ ያለውን የሳሎን በር እስከ ዳር ስትገፋው ድመቷ ጮኸች።

ጩኸት ስላችሁ ተራ ጩኸት እንዳይመስላችሁ። ጥርስን ከድድ የሚያላቅቅ፣ ሦስት ሰፈር አልፎ የተኛ ሕፃን የሚቀሰቅስ ጩኸት ነበር። ድመቷ ግን ነፍስ የላትም። ጅራቷን እግሯ ላይ ጠቅልላ የተቀመጠች ጥቁር የብረት ድመት ናት፤ ሥራዋም በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው መደገፍ ነው። በሩ ሲገፋት በሴራሚኩ ወለል ላይ ተንሸራተተችና ነጭ ጭረት አወጣችበት።

ከደረጃው ሥር አንድ ሰው አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። አንሶላው ያልሸፈነው እግሩ አውሮፕላን ላይ የሚታደለውን ስስ ካልሲ እንዳጠለቀ ነው። ትናንት ከሩቅ አገር ገብቶ፣ ዛሬ ጠዋት ወደባሰው ሩቅ አገር የሄደ ሰው።

ወስፌ መርማሪ ናት። እናቷ ያወጡላትን ስም እናቷም ሳይረሱት አልቀሩም። ወስፌ ያሏት ባልደረቦቿ ናቸው፤ ቀጭን ስለሆነች፣ የነካችውንም ሁሉ ሳትበሳ ስለማትተው። እኔ ማጋነን አልወድም፤ ግን ሌቦች ስሟን ሲሰሙ የሰረቁትን ከመመለስ አልፈው ቤቱን ጠርገው ነበር የሚወጡት።

«ዘገየሽ» አላት የጣቢያው አዛዥ። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ገብቶ ወንበር የሚይዝለት ሰው ነው። «ሥራው አልቋል። መጀመሪያ ከደረጃ ወደቀ ተባለ። ሐኪሙ አይቶት አይደለም አለ። ከኋላው ነው የተመታው፤ በከባድ ነገር፣ አንዴ።»

«በምን?»

«በዚህ ነዋ!» ከስፌት መኪናው አጠገብ ያለውን ከባድ ካውያ አሳያት። «ሚስትየው ልብስ ሰፊ ናት። ትናንት ማታ ‹እገድልሃለሁ› ስትለው ጎረቤት በጆሮዋ ሰምታለች። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ፊርማ?»

ወስፌ ካውያውን አገላበጠችው። ሆዱ ላይ ነጭ የሠርግ ልብስ ክር እንደተጣበቀ ነው። ታጥቦ ቢሆን ክሩ አይኖርም፤ ደም ነክቶት ቢሆን ክሩ ነጭ አይሆንም። መልሳ አስቀመጠችው።

ልብስ ሰፊዋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። የመለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ባሏን ወድቆ ካገኘችው ጀምሮ አንገቷን ደፍታ ቆይታ፣ ድመቷ በጮኸች ጊዜ ግን ቀና ብላ ነበር። ያየችው አስከሬኑን ሳይሆን ድመቷን መሆኑ ከወስፌ ዓይን አላመለጠም።

ወስፌ በርከክ ብላ ወለሉን መረመረች። የሰው ፊት ያሳያል። ከአሁኗ ጭረት በቀር አንድ ጭረት የለበትም። ድመቷን በሁለት እጇ አንስታ ገለበጠቻት፤ ከሥሯ ክፍት ናት፣ ውስጧ እስከ አንገቷ ባዶ። ስታስቀምጣት ጣቶቿ በግራሶ ጠቁረው ነበር።

«መሐረብ አለህ?» አለችው አዛዡን።

ሰጣት። ከዚያ ወዲያ መሐረቡ መሐረብ መሆኑ ቀረ።

«እመቤት» አለች ልብስ ሰፊዋ ድንገት ለወስፌ፣ «ነገ ልቅበረው። ሌላ ምንም አልልም። አፈር ከለበሰ በኋላ የፈለጋችሁበት ውሰዱኝ።»

አዛዡ ሰዓቱን አየ። «እስከ ማምሻ። እስከዚያ ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ ወስፌ፣ ይዣት እሄዳለሁ። ቀብሩን ጣቢያ ሆና ታስበዋለች።»

ልብስ ሰፊዋ የሜትሯን ጫፍ ጨበጠች። አላለቀሰችም፤ ይኸኛው ከልቅሶ ይከፋል።

ወስፌ ወደ ማድ ቤት ወሰደቻት። የማድ ቤቱ ፍሪጅ ፍሪጅ መሆኑ የሚታወቀው በድምፁ ብቻ ነበር። ከላይ እስከ ታች በማግኔት ተሸፍኗል፤ ድልድይ፣ ግንብ፣ ጀልባ፣ ዓሣ፣ አፍንጫው የተሰበረ ንጉሥ። ዓለም በሙሉ ተጨምቆ በር ላይ የተለጠፈ ይመስላል። መሐል ላይ ግን አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ እንደወለቀ ጥርስ።

«ባልሽ ነው ያመጣቸው?»

«በየመንገዱ። ለሊፍት መለዋወጫ ሊገዛ ውጭ ይሄዳል፤ ከሸሪኩ ጋር የሊፍት ጥገና ወርክሾፕ አላቸው። ለሌላው ሰው ስጦታውን በእጁ ይሰጣል። ለእኔ ግን ይደብቃል። ብረት ላይ ለጥፎ ነው የሚደብቀው። ከስፌት መኪናው ሆድ አግኝቼ አውቃለሁ፣ ከምድጃው በር ውስጥ፣ ከአልጋው ሽቦ ሥር። እኔ ስዞር እሱ ‹ቀዘቀዘ፣ ቀዘቀዘ› ይላል። ስቀርብ ‹ሞቀ› ይላል።»

«‹እገድልሃለሁ› ያልሽውስ?»

«ትናንት ማታ ወንድሙን፣ ሸሪኩንና ጎረቤታችንን እስከ በር ሸኝቼ ስመለስ ደብቆ ጨርሶ ይስቃል። ቤቱን ባገላብጠው ‹ቀዘቀዘ› ብቻ! ‹ባትነግረኝ እገድልሃለሁ› አልኩት።» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ጮኬ ነው ያልኩት።»

«አገኘሽው?»

«አላገኘሁትም። ጠዋት የሠርግ ልብስ ለደንበኛ ላደርስ ወጣሁ። ስመለስ ‹ዛሬ ሳላገኘው አልቀርም› ልለው ነበር።»

ወስፌ ባዶውን ቦታ አየችው። «አሁን ፈልጊው።»

«ምን?»

«እያንዳንዱን ብረት። ሚስማር ሳይቀርሽ።»

«እሱ በሌለበት? ማን ‹ቀዘቀዘ› ይለኛል?»

«ፈልጊ እህቴ» አለች ወስፌ። «ነገ ከመቃብሩ አጠገብ መቆም ከፈለግሽ ፈልጊ።»

የሟች ታናሽ ወንድም ግቢው ውስጥ የቆመች መኪና ተደግፎ ነበር። ሹፌር ነው፤ አሁን ግን መኪና የሌለው ሹፌር። የቆዳ ጓንት በእጁ ይዞ ያሻሸዋል።

«ጠጥተህ ስለነዳህ ወንድምህ መኪናዋን ቀምቶሃል ይባላል» አለችው ወስፌ።

«እውነት ነው።»

«ተናደህበት ነበር።»

«እንዴት አልናደድ! ሰፈሩ ሁሉ ‹እግረኛው ሹፌር› እያለ ሲያላግጥብኝ!» ጓንቱን ዘረጋላት። «ትናንት ይቺን አመጣልኝ። የመንጃ ጓንት ናት። አልተናገረም፣ ሰጠኝ ብቻ። የመኪና ጓንት የሚሰጥ ሰው መኪናውን ሊመልስ ነው ማለት አይደለም? ንገሪኝ እስቲ፣ አይደለም?»

«ነው» አለችው። «የብረት ድመት አለህ?»

ግራ ገባው። «አለችኝ። አምና ለአራት ቤት አራት መንታ ድመት ነው ያመጣው፤ ለራሱ፣ ለእኔ፣ ለሸሪኩ፣ ለጎረቤት። በአውሮፕላን ያን ሁሉ ብረት! ጉምሩክ የጦር መሣሪያ መስሏቸው ነበር። የእኔዋ መኪና እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር እየገባች አንድ ጆሮዋ ተሰብሯል።»

ጎረቤቲቱ ፋርማሲስት ናት። ምላሷ ካለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒት ነው፤ ሲበዛ ይመርዛል። ባንኮኒዋ ላይ አንዲት አበባ ያላት ጃንጥላ ተጋድማለች።

«እዪልኝ!» አለች ጃንጥላዋን እየመታች። «የእሱ ጣሪያ ውሃ እኔ ጓሮ ላይ ይዘንባል። አሸንዳህን አስተካክል ስለው ከረምኩ። ትናንት ምን አመጣልኝ? ጃንጥላ! ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አሸንዳውን እንደማሠራት!»

«እርስዎስ?»

«እኔም ሳቅሁ እንጂ ምን ላድርግ።» ዓይኗ እርጥብ አለ። «ቀልደኛ ነበር፣ አፈር ይቅለለውና።»

«ሸሪኩስ? እሱን ምን አመጣለት?»

«እሱንማ ተይው! በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ሪባን አስሮ ሰጠው። ሲፈታው የፍሬን ሸራ! የሊፍት ፍሬን ሸራ! ማነው ከውጭ ፍሬን ሸራ ለስጦታ የሚያመጣ? ‹ከፋብሪካው ነው፤ እውነተኛው ይኼ ነው፣ ከእኛው ጋር አስተያየው› አለው። ሸሪኩ ከሁላችንም በላይ ሳቀ። ስቆ ስቆ ውሃ ትን አለው።»

«ድመትዎ የት ናት?»

ፋርማሲስቷ ወደ በሩ ጠቆመች። ድመቷ ነጭ ቀለም ተቀብታ ከንፈሯ ቀይ ሆኗል። «በጥቁሯ ፊት ደንበኛ ይደነግጣል ብዬ ነው» አለች።

ወርክሾፑ ከሟች ቤት ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱን መሻገር ብቻ። ውስጡ ሁሉም ነገር ግራሶ ለብሷል። ግድግዳው፣ መፍቻው፣ የቀን መቁጠሪያው፣ አየሩ ሳይቀር። ዝንቦቹ እንኳ ሲያርፉ የሚያዳልጣቸው ይመስለኛል።

በሩን ደግፋ የተቀመጠችው የብረት ድመት ብቻ እንደ አዲስ ሙሽራ ታበራለች።

ሸሪኩ ዓይኑ ቀልቶ ወጣ። ሰፊ ትከሻ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው። የመፍቻ ቦርሳው ከትከሻው ተለይቶት አያውቅም፤ ሰው ያለ ቦርሳው ቢያየው ሰላም ሳይለው ያልፋል።

«ሣጥን ላዝዝ ስወጣ ደረስሽብኝ» አላት። «ወንድሜ ነበር። ከወንድምም በላይ። ወጪውን ሁሉ እኔ እችላለሁ።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ፤ ብቻዬን።»

«ፍሬን ሸራውስ የት አለ?»

ፈገግ አለ። «እሱን ደግሞ ነገሩሽ? የእሱ ቀልድ ነው። የሆነ ቦታ ጣልኩት።»

በመስኮቱ በኩል ረጅም ፎቅ ይታያል። ውስጡ የሚሠራው ሊፍት የእነሱ ጥገና ነው። ሰዎች ጭነት ይዘው፣ ሕፃን አዝለው፣ እየተሳሳቁ ይገባሉ፤ በሩ ይውጣቸዋል። ወስፌ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ለአፍታ ቆማ አየች።

«ሁላችሁም ማምሻ ላይ ቤቱ ትሰበሰባላችሁ» አለችው። «ድመትህን ይዘህ ና።»

«ድመቴን?»

«እሱ ያመጣውን ሁሉ በአንድ ላይ ማየት እፈልጋለሁ። ማስታወሻ እኮ ናቸው።»

ስትመለስ ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ፀጉሯ አቧራ ለብሷል። የስፌት መኪናው ተገልብጧል፣ የምድጃው በር ወልቋል፣ የአልጋው ሽቦ ተነስቷል። በየብረቱ ፊት ቆማ መልስ ስትጠብቅ ነው የዋለችው፤ ቤቱ አንዴም አልመለሰላትም።

«የለም» አለች። «እዚህ ቤት ውስጥ የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ብረት የሚባል አልቀረኝም።»

«እንግዲያው ከቤት ወጥቷል» አለች ወስፌ። አጎንብሳም በጆሮዋ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋም መልሱን በጆሮዋ ነገረቻት።

ጀምበር ከመጥለቋ በፊት ሁሉም ሳሎን ገቡ። አስከሬኑ ተነስቷል፤ ቦታው ግን ሰውየው እንደተኛበት ነው፣ ማንም አልረገጠውም። አራት ድመቶች ጠረጴዛው ላይ በሰልፍ ተቀመጡ፤ የቤቱ፣ ጆሮ ሰባራዋ፣ ነጯና የምታበራው። ስምንት የብረት ዓይኖች ሰዎቹ ላይ አፈጠጡ። አዛዡ እጀ ሙቁን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«የድመት ውድድር ነው?» አለች ፋርማሲስቷ። የሳቀላት የለም።

«ጠዋት ይህን በር ስከፍት የቤቱ ድመት ጮኸች» ብላ ጀመረች ወስፌ። «ወለሉን ተመልከቱ። ድመቷ እዚህ ከተቀመጠች ዓመት አልፏታል፤ በሩ በየቀኑ ይገፋታል። ጭረቱ ግን አንድ ነው፤ እሱም የዛሬው። እመቤት፣ ቅድም የነገርሽኝን ንገሪያቸው።»

«ጫማ ነበራት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ወለሉን እንዳትቧጥጥብኝ ከወፍራም ሱፍ ጨርቅ ጫማ ሰፍቼ በክር አሰርኩላት። እሱ ‹ለእኔ ሸሚዝ ሳትሰፊ ለድመት ጫማ!› እያለ ይስቅብኝ ነበር። ትናንት አድርጋው ነበር።»

«ዛሬ ባዶ እግሯን ናት» አለች ወስፌ። «ለምን? ይቺ የዚህ ቤት ድመት ስላልሆነች። መሣሪያው ካውያ አይደለም። ሟች የተመታው በራሱ ድመት ነው። ገዳዩ ከደረጃ የወደቀ ለማስመሰል ፈለገ፤ ደም የነካት ድመት እዚህ ከተገኘች ግን አልቆለታል። ይዟት ቢጠፋ ደግሞ ባዶው ቦታ ይናገርበታል። ስለዚህ የራሱን አምጥቶ ተካት። መንታ ናቸው፣ ማን ይለያቸዋል? ጫማዋን ያየው ግን ዘግይቶ ነው። ጫማው ደም ጠጥቷል፤ ለአዲሷ ሊያደርግላት አልቻለም። ለድመት ጫማ ማን ይጨነቃል አለ።»

«እኔን እንዳታዪኝ!» አለች ፋርማሲስቷ። «የእኔዋ ነጭ ናት!»

«የእርስዎን እዚህ ቢተዉአት ዓይነ ስውርም ይለያታል። የወንድምየውም ጆሮዋ ሰባራ ናት። እዚህ የተተካችው ግን ጆሮዋ ሙሉ፣ ቀለሟ ጥቁር ነው፤ ገላዋም ግራሶ ነው። የአዛዡ መሐረብ ምስክሬ ነው። ግራሶ በዋጠው ወርክሾፕ ውስጥ ደግሞ አንዲት ንጹሕ ድመት አየሁ።»

ሁሉም ወደ ሸሪኩ ዞሩ። ሸሪኩ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«ድመት ማጠብ ወንጀል ሆነ እንዴ? እሱን ለማስታወስ አጠብኳት። የሁላችንም ቤት ግራሶ አይጠፋም።»

«ይሁን። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ድመትህ ከወርክሾፑ ወጥታ ታውቃለች?»

«ከተሰጠችኝ ጀምሮ ዛሬ ገና ነው።»

«ሟች ከመንገድ ከገባ በኋላ ወርክሾፑን ረግጦታል?»

«የት አግኝቶ! ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ እዚህ ነው የገባው። ሁላችንም ነበርን። ዛሬም ሳይመጣ ነው ያለቀው።»

«እውነት ነው፣ አልወጣም» አለ ወንድምየው።

«አመሰግናለሁ» አለች ወስፌ። ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞራም «መርፌና ክር ስጪኝ» አለቻት።

ድመቶቹን ገልብጣ በጭንቅላታቸው አቆመቻቸው። መርፌውን በክር አንጠልጥላ ነጯ ድመት ሆድ ውስጥ ቀስ ብላ አወረደችው። መርፌው ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ። ጆሮ ሰባራዋ ውስጥ አወረደችው፤ ቀጥ አለ። ከቤቱ በተገኘችው ውስጥም እንዲሁ። የአዛዡ ሆድ እንኳ ባለበት ቆመ።

አራተኛዋ ድመት ላይ መርፌው ወደ አንገቷ ሲደርስ፣ የሆነ ነገር ከውስጥ እንደያዘው ሁሉ ከወስፌ ጣት ላይ ክሩን መንትፎ ወደ ጎን ዘለለ። ጠቅ አለ። ተጣብቆ ቀረ።

«ማግኔት!» አለ ወንድምየው በሹክሹክታ።

«ሟች የሚስቱን ስጦታ ትናንት ማታ፣ እናንተ ከወጣችሁ በኋላ፣ በዚህ ቤት ብረት ውስጥ ደበቀ» አለች ወስፌ። «ጫማዋን ፈቶ፣ ጣቱን እስከ አንገቷ ሰድዶ ለጥፎ፣ ጫማዋን መልሶ አሰረላት። ጠዋት ነጋ፤ ሰውየው ሞተ። ስጦታው የተገኘው ከወርክሾፕህ በር በመጣችው ድመት ውስጥ ነው። አንተ ራስህ ነህ ድመትህ አልወጣችም፣ እሱም አልገባም ያልከኝ። ታዲያ ማነው ያስገባው?»

ሸሪኩ ወደ በሩ አየ። የአዛዡ ሆድ ሞልቶታል።

«ለሁሉም የሚፈልገውን አመጣ» አለች ወስፌ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለወንድሙ ይቅርታ፣ ለጎረቤቱ ሳቅ። ለአንተ ብቻ የምትፈራውን። ሊፍቶቹ ላይ የገጠምከው ፍሬን ሸራ የውሸት መሆኑን ሟች ፋብሪካው ድረስ ሄዶ አየ። በሰው ፊት ሊያዋርድህ ስላልፈለገ እውነተኛውን በሪባን አስሮ ሰጠህ።»

«ዛሬውኑ ሁሉንም እናስቆም አለኝ» አለ ሸሪኩ። ዓይኑ ባዶው ወለል ላይ ነበር። «ስሜ እንዲህ በአንድ ቀን… ለምኜው ነበር። ‹ጫማዬን ላድርግና አብረን ወርደን እንዘጋቸዋለን› ብሎ ዞረ። ዞረብኝ። ድመቷ እግሬ ሥር ነበረች።» ከዚያ የመፍቻ ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አኖረው። ሰው ያለ ቦርሳው ያየው ያኔ ነው።

«ሊፍቶቹን አስቁም!» አለችው ወስፌ አዛዡን። «አሁኑኑ፣ አንድ ሳይቀር!» አዛዡ በዚያ ሆድ ይሮጣል ብሎ የገመተ አልነበረም፤ ግን በረረ። ከውጭ የቆሙት ፖሊሶችም ሸሪኩን ይዘውት ወጡ።

ወስፌ ጣቷን ወደ ድመቷ ስትሰድ ልብስ ሰፊዋ እጇን ያዘቻት።

«ተዪው። ፈላጊዋ እኔ ነኝ።»

ድመቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ጣቶቿን አስገባች። ለረጅም ጊዜ ዳበሰች። ከዚያ ከነመርፌው አወጣችው። ማግኔቱ የጣት ጥፍር የምታክል፣ ክሯ በስሱ የተሣለ ቀይ ጫማ ነበረች። ከዓለም ጫፍ ድረስ ሄዶ፣ ለድመቷ በሰፋችው ጫማ እንደገና ሊቀልድባት ያመጣት ጫማ።

«አገኘሁት» አለች ወደ ደረጃው ዞራ።

ጠበቀች። ሁሉም አብረዋት ጠበቁ። ፋርማሲስቷ ጃንጥላዋን ደረቷ ላይ አቅፋ «ሞቀ በላት እባክህ» አለች ለማንም ሳይሆን።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ከመቃብሩ አጠገብ ቆማ ባሏን ቀበረች፤ በግራዋ ወንድምየው ጓንቱን አድርጎ፣ በቀኟ ወስፌ። ቤት ስትገባ ቀይዋን ጫማ ፍሪጁ ላይ ትለጥፋታለች ብለው ሁሉም ጠበቁ። ባዶው ቦታ ባዶ ሆኖ ቀረ። በሩን በላይዋ ዘግታ፣ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ስትዞር ቆይታ፣ በተራዋ እሷ ጫማዋን ደበቀቻት።

የት እንደደበቀቻት አውቃለሁ። የድመት ሆድ ውስጥ የሚሆነውን ያየሁ ሰው ይህን አጣለሁ? ግን አልናገርም። ፈላጊው ሌላ ሰው ነው።